የሠርጉ ፊልም ጅራት

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከጃንጥላው ልጀምር።

ጃንጥላው ጥቁር ነበር። ከዘንጎቹ አንዱ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ጫፉ ላይ የጣት ርዝመት ያለው የብረት ሹል ነበረው። ወንድሜ ዝናብ ውስጥ ፎቶ ሲያነሳ ይህን ጃንጥላ ከካሜራው በላይ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሰማዩ በመብረቅ ሲሰነጠቅ፣ ከከሚሴ በላይ ባለው ኮረብታ አናት ላይ፣ በዙሪያችን ከእኛ የሚረዝም ዛፍ እንኳ ሳይኖር፣ ብረት ወደ ሰማይ ቀስሬ እቆማለሁ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የፊዚክስ መምህራችን ስለ መብረቅ ሲያስተምሩን እጄን አወጣሁ።

"ቲቸር፣ ሰው ጃንጥላ ይዞ ኮረብታ ላይ ቢቆምስ?"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"እንዲሁ አንድ ሰው።"

"ያ ሰው ሞኝ ነው" አሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ቤት ስገባ ለወንድሜ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እኔ ስነግርህ አላመንክም፤ አሁን በትምህርት ተረጋገጠ" አለኝ።

በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም እሳሳታለሁ።

ከሚሴ ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ፎቶ ቤት ነበረችው። ሰማያዊ መጋረጃ፣ አንድ በርጩማ፣ ለመታወቂያ የሚነሱ ወንዶች ተራ በተራ የሚለብሱት አንድ ኮት። ኮቱ ለሁሉም ይሰፋ ነበር። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ለወረቀታቸው ሁሉ ፎቶ ስለሚጠይቁ ሥራ አላጣም። ሠርግ ሲሆን ደግሞ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ካሜራው የራሽያ ነው፤ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የሚታየው በሌንሱ ሳይሆን ከላይ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ደሴ ይታጠባል።

አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ነው። ሠርገኛ ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሦስት ሲነሳ ይበቃዋል። የሚተርፉትን ሦስት አራት ፎቶዎች ወንድሜ "ጅራት" ይላቸዋል። "ሥጋው የሠርገኛው ነው፤ ጅራቱ የኛ" ይል ነበር። በሕይወቱ ያነሳቸው የሚወዳቸው ፎቶዎች በሙሉ ከሠርግ ፊልም ጅራት የወጡ ናቸው። ለጅብና ለመብረቅ ፎቶ ብሎ አዲስ ፊልም አይገዛም። ነገር ግን ጅራት ካለና ሰማዩ ከጠቆረ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ይመጣና በቤታችን አጥር ላይ አንገቱን ብቅ ያደርጋል።

"ሦስት አለን!" ይለኛል።

እኔም ጃንጥላውን ከሚስማሩ ላይ አወርዳለሁ።

መብረቅ ሲያነሳ ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ማንሻውን ተጭኖ ይዞ፣ ብልጭታው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰዓት አይመለከትም። "ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ" እያለ ይቆጥራል። ሠላሳ ሦስት ሲሞላ ጣቱን ያነሳል። አንዳንዴ ከአሥረኛው በኋላ ነጎድጓዱ ኮረብታውን ይንጠዋል፤ ጃንጥላው በእጄ ላይ ይንዘፈዘፋል። ያኔ እኔ ቆጠራውን እቀማውና በጣም በፍጥነት እጨርስለታለሁ። "ዚክር አታጣድፍ! ፎቶውም ጨለማ ይሆናል፣ አንተም ኃጢአት ውስጥ ትገባለህ" ይለኛል፤ ድምፁ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ከኮረብታው ስንወርድ ሁልጊዜ እንሮጥ ነበር። ለምን እንደምንሮጥ አላውቅም። ዝናቡ ከመታን ቆይቷል፤ መብረቁም አልፏል። እንዲሁ እግራችን እምቢ ይላል።

የዘንዶውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጨፋ ረግረጉ ዳር አንድ ዘንዶ የፍየል ግልገል ውጦ ተኝቷል ተብሎ ተወራ። ሁለት ጅራት ነበረን። ወንድሜ በሆዱ ተኝቶ እየተሳበ ቀረበው። እኔን ምን እንዳዘዘኝ ታውቃላችሁ? "እግሬን ያዝ። ከዋጠኝ ጎትት።" ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ከኋላው በሆዴ ተሳብኩ። ዘንዶው ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑን ሳይከድን ያየናል። ወንድሜ አነሳው። ከዚያ ዘንዶው ጭንቅላቱን የአንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረገ። እኔ ጎተትኩ። ሳይውጠው ነው የጎተትኩት። ወንድሜ በደረቱ ጭቃውን እያረሰ እስከ መንገዱ ድረስ መጣ፤ ካሜራውን ወደ ላይ ይዞ "በቃ! በቃ! አልዋጠኝም!" እያለ ይጮህ ነበር።

ያ የዘንዶ ፎቶ ጣጣ አመጣ። ደሴ ያሉት አጣቢዎች ከፊልሙ ላይ ያለውን ሁሉ አትመው በአንድ ፖስታ ነው የሚሰጡት። ወንድሜ ፖስታውን ሳያይ ሰንበቴ ላሉት ሠርገኞች ሰጠ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሙሽሪት ብቻዋን፣ ሙሽሪት ከባሏ ጋር፣ ሙሽሪት ከአማቷ ጋር፣ ከዚያ ዘንዶ። አማቲቱ "እኔን ነው!" ብለው ተነሱ። ሽማግሌ ገባበት። ሦስት ሰው ሰንበቴ ድረስ ሄዶ፣ ዱአ ተደርጎ፣ ወንድሜ ዘንዶው የማንም ዘመድ አለመሆኑን በአላህ ስም አስረድቶ ነው የታረቁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሥራ ተሰጠኝ። ፖስታ ከደሴ ሲመጣ፣ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ጅራቱን የምለየው እኔ ሆንኩ።

አንድ ፎቶ ግን አላገኘም። የጎርፍ ራስ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ክረምት ብቻ ውሃ የሚያይ አሸዋ ወንዝ አለ። ሌላ ጊዜ ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይተኛበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለ ጎርፉ ይመጣል። ከላይ ያሉ ገበሬዎች ቀድመው ሲያዩት "ቢሻን!" ብለው ይጮኻሉ። ውሃ ማለታቸው ነው። ታች ያለው ሰው ጩኸቱን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፤ ከዚያ ውሃው። ወንድሜ የሚፈልገው ያንን የመጀመሪያውን ውሃ፣ ደረቁን አሸዋ ሲበላ፣ ፊት ለፊት ነበር። ፊት ለፊት ለማንሳት ደግሞ ወንዙ ውስጥ መቆም ያስፈልጋል።

ደንብ አወጣ። ጃንጥላውን አጥፎ፣ ሹሉን አሸዋው ውስጥ፣ ወደ ላይ በኩል ሃምሳ እርምጃ ላይ ይተክለዋል። ጃንጥላው ሲወድቅ ሩጥ። ደንቡ ይኸው ነው። ሁለት ቀን ጠብቀን ጎርፉ አልመጣም። በሦስተኛው መጣ። ወንድሜ እስከ መጨረሻው ቆሞ፣ ተጭኖ፣ ውሃው ገፍቶ ያመጣለትን ጃንጥላ ነጥቆ፣ ሮጦ ወጣ። ዳር ላይ ተቃቀፍን። ጨፈርን። ከዚያ ካሜራውን አየሁት። የሌንሱ ክዳን አልተነሳም ነበር።

ክዳኑን ነቅሎ ገልብጦ አየው። ከዚያ "ቢያንስ ጎርፉ አይቶናል" አለ።

በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ሠርግ አነሳ። ሙሽራው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጅ ከሚሴ ገና የገባችበት ሰሞን ነበር። ወንድሜ ከሠርጉ ሲመለስ ራሱን አሞት ነበር። "ሦስት አለን" አለኝና ተኛ። ወባ ነው ተባለ። በስድስተኛው ቀን ሞተ።

ከጅብም፣ ከዘንዶም፣ ከመብረቅም የተረፈ ሰው። ትንኝ። በዚህ ላይ ምንም መጻፍ አልችልም።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ ሁለት ነገር አደረገች። ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማሩ ላይ ማንም እንዳያነሳው ከለከለች። ለእኔ ደግሞ፣ "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ወንዝ እንዳትወርድ። ሁለተኛ ለቅሶ አልችልም" አለችኝ። እሺ አልኩ። ቃል ገባሁ። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ለሰላምታ ትመልሳለች፣ ለመጣው ሰው አሚን ትላለች፤ ድምፅ የሚባል ግን ከቤታችን ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው።

ካሜራው እኔ ጋ ቀረ። ውስጡ ሠላሳ ሦስት የሠርግ ፎቶ አለ። ሦስት ጅራት አለ።

በእኛ አገር ለቅሶ የተቀመጠ ቤት እስከ አርባው ሰደቃ ድረስ ምንም አይጠየቅም። ያዋስከው መጥረቢያም ቢሆን፣ ያስቀመጥከው አደራም ቢሆን። "ቤቱ ይተንፍስ" ይባላል። ስለዚህ ሙሽራው ሠርጉን መጠየቅ አይችልም። ነገር ግን ሠርጉ በሙሉ የእኔ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሌላ ፎቶ የለውም። የሙሽሪት እናት ባቲ ናቸው፤ እግራቸው ተሰብሮ የልጃቸውን ሠርግ አላዩም፤ ፎቶውን እየጠበቁ ነው። ይህን ሁሉ ከሰው ሰማሁ እንጂ እሱ አልነገረኝም። መንገር መጠየቅ ይሆንበታላ! ያደረገው ሌላ ነው። ከቤት በወጣሁ ቁጥር ባጃጁ ከኋላዬ ትመጣለች።

"አካም፣ ወንድሜ፣ ወዴት ነህ?"

"ወደ ገበያ።"

"ግባ። በእግርህ አትሂድ። ትደናቀፋለህ።"

"ቅርብ ነው።"

"እኔ ምንም አልጠየቅኩህም። ግባ ብቻ።"

ስገባ እጁን ዘርግቶ የካሜራውን ማሰሪያ ያጠብቅልኛል። ጉድጓድ ሲያይ ባጃጁን እንደ እንቁላል ያሻግራታል። አንድ ቀን ፌስታል አመጣልኝ። "ዝናብ አይታመንም። ምንም አልጠየቅኩህም" አለና ካሜራውን ራሱ አስገብቶ ቋጠረው።

ፊልሙን አጠንጥኜ ደሴ መላክ እችል ነበር። ማድረግ የነበረብኝ ያንን ነው። ሰውየው ሠርጉን ያገኛል፣ የባቲዋ እናት ልጃቸውን ያያሉ፣ እኔም ቃሌን እጠብቃለሁ። ግን እነዚያ ሦስት ፎቶዎች የወንድሜ ነበሩ። ሦስት አለን ብሎኝ ነው የተኛው። ሳይነሱ ቢታጠቡ... እንዴት ልበለው። እሱ ሳይጨርስ እኔ የጨረስኩበት መሰለኝ።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደጋው ጠቆረ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር። ከምዕራብ ጉርምርምታ ይሰማል። እናቴ ዘመድ ጋ ሄዳለች። ጃንጥላውን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩት። ፈርቼ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ አላውቅም።

በሩ ላይ ባጃጁ ቆማለች።

"ወዴት ነህ?" አለኝ ሙሽራው።

"ወደ አሸዋ ወንዙ።"

ደጋውን አየ። ጃንጥላውን አየ። አንገቴን አየ።

"ሠርጌን ይዘህ?"

"ጠየቅከኝ!" አልኩት።

"አልጠየቅኩም! አስተግፊሩላህ! ለራሴ ነው የተናገርኩት!" ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትንሽ ቆየና፣ "ግባ" አለ።

በመንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኩት። የክዳኑን፣ የደንቡን፣ ጅራቱን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ባጃጁን ወደ ከተማው አዙሮ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ አቆማት። "ከሞትክ ሠርጌን ወርውርልኝ" አለኝ። ቀልድ መሆኑን አላወቅኩም። እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ወረድኩ። አሸዋው በጫማዬ በኩል ያቃጥላል። ሃምሳ እርምጃ ቆጥሬ ጃንጥላውን ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተከልኩት። ተመልሼ ቆምኩ። ክዳኑን አነሳሁ። ክዳኑን በእርግጥ ማንሳቴን በጣቴ ነካሁ። እንደገና ነካሁ። ሙሽራው ከዳር ሆኖ "አንስተኸዋል! አየዋለሁ!" ብሎ ጮኸ።

ቆየን። ወፎቹ ዝም አሉ። ከዚያ ከላይ፣ ከሩቅ፣ የሴት ይሁን የወንድ የማይለይ ድምፅ፣ "ቢሻን!" ቀረብ ብሎ ሌላ፣ "ቢሻን! ቢሻን!"

ደነገጥኩና ተጫንኩት። ገና ምንም አልመጣም። ባዶ አሸዋና ጃንጥላ አነሳሁ ማለት ነው። አንድ ጅራት ሄደ።

"ምን አነሳህ?" አለ ሙሽራው።

"ምንም!"

"ታዲያ ውጣ!"

አልወጣሁም። ፊልሙን አዞርኩ። ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ከዚያ ከመታጠፊያው ጀርባ አንድ ነገር ወጣ። ውሃ መስሎኝ ነበር። ከርከሮ ነው። ጅራቱን እንደ ሬዲዮ አንቴና ቀጥ አድርጎ፣ ጥርሱን አግጥጦ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። ከኋላው ጎርፉ ታየ። ውሃ አይመስልም። ቅርንጫፍ፣ አረፋ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ ሁሉም ተያይዘው እንደ ግንብ ይሄዳሉ። ድምፁ እንደ ጭነት መኪና ነው። ከርከሮው ጃንጥላውን አልፎ መጣ። ከዚያ ጃንጥላው አንድ ጊዜ አጎነበሰና ጠፋ።

ጃንጥላው ሲወድቅ ሩጥ። ደንቡ ይኸው ነበር።

እውነቱን ልጻፍ። መሮጥ አልፈለግኩም። ልሙት ብዬ አይደለም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልሳቅኩም ነበር፤ አሁን ግን ጮክ ብዬ እየሳቅኩ ነው። ከርከሮ ፊቴ ላይ፣ ጎርፍ ከርከሮው ላይ፣ የሰው ሠርግ አንገቴ ላይ። እሱ ቢኖር የሚሞትበት ቀን ነበር በሳቅ። በመስኮቷ አየሁ። ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ። ተጫንኩት።

ከርከሮው በአጠገቤ ሲያልፍ ዞር ብሎ አየኝ። እንደ ፊዚክስ መምህሬ ነው ያየኝ።

"ፊጊ! ፊጊ!" ይላል ሙሽራው። ሩጥ! መጮህ ብቻ አልነበረም፤ ወንዙ ውስጥ ገብቷል። አንገቴን የያዘኝ ይመስለኛል፤ በኋላ ስናወራ ግን "አንተን አይደለም፣ ማሰሪያውን ነው የያዝኩት" ብሎኛል። ውሃው ጉልበቴን መታኝ። አንድ ጫማዬ ሄደ። የሾላ ሥር ጨብጠን፣ ተንፏቀን፣ ዳሩ ላይ ወጣንና በጀርባችን ወደቅን። ካሜራው ደረቴ ላይ ደረቅ ነበር። ሙሽራው ነካው፣ ሳመው፣ ከዚያ እኔን በጥፊ መታኝ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሳቅን። ማቆም አቃተን። በመካከል የእኔ ሳቅ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ እሱ ግን አላቆመም፤ እየሳቀ ጀርባዬን ይመታል። ተመልሼ ሳቅኩ።

"ስንት ቀረ?" አለኝ።

"አንድ።"

"አምጣ።"

አንድ ጫማ የሌለው፣ ፊቱ ጭቃ፣ ከኋላው ጎርፍ፣ አፉን እስከ ጆሮው የከፈተ ሰው ሆኜ አነሳኝ። ፊልሙ አለቀ።

ቤት ስገባ እናቴ ገና አልተመለሰችም ነበር። ታጥቤ ልብስ ቀየርኩ። ማታ ባዶውን ሚስማር አየችው። ከዚያ እኔን አየች። "ዘንጉ ተሰብሮ ስለነበር ለጥገና ሰጠሁት" አልኩ። በየቀኑ ግን በሩን ስትዘጋ ሚስማሩን በእጇ ትነካዋለች። እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ውሸቱ ከጎርፉ ይልቅ አስፈራኝ።

ፊልሙን ሙሽራው ራሱ ደሴ ወስዶ ሰጠ። ፖስታው የተመለሰው በአርባው ቀን፣ ቤቱ በሰደቃ ሰው ተሞልቶ ሳለ ነው። ሙሽራው እንደታሸገ ሰጠኝ። ሠርጉ በእጁ ሆኖ አልከፈተውም፤ አርባው አልወጣማ። እኔም አልከፈትኩትም። ፖስታ የሚከፍተው ሁልጊዜ ወንድሜ ነበር፤ እኔ ጅራቱን ብቻ ነበር የምለየው። ነገ ብቻዬን ሆኜ እከፍተዋለሁ ብዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከፈጅር ሶላት ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። የሙሽራው አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ሙሽራው ከኋላቸው። አንድ ቀን እንኳ ቀድመው አልመጡም፤ አንድ ቀንም አልዘገዩም።

ተቀመጡ፤ ለወንድሜ ዱአ አደረጉ። ከዚያ አባትየው ለእናቴ፣ "ቤቱ ተንፍሷል ብለን ነው የመጣነው። ልጅሽ፣ አላህ ይማረውና፣ አደራችንን ይዞ ነበር" አሏት።

እኔ ውሃ ላመጣላቸው ወደ ጓዳ ገብቼ ነበር። ስመለስ እናቴ፣ ሳስቀምጠው አይታኝ ኖሯል፣ ፖስታውን ከሳጥኑ አውጥታ፣ በሁለት እጇ ይዛ ስትሰጣቸው አየሁ። ጅራቱ አልተለየም።

"እማ፣ ቆይ!" አልኩ።

"ምን ልቆይ? የሰው ነው" አለችኝ።

አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ማየት ጀመሩ። እያዩ ለሽማግሌዎቹ ያቀብላሉ። ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ ነበሩ። ወንድሜ ትኩሳት ይዞት ያነሳቸው ፎቶዎች፤ አንድም የተበላሸ የለም። ሙሽሪት ዓይኗን አቀርቅራ፣ ሙሽሪት ከሚዜዎቿ ጋር፣ ሙሽራው ባጃጁን በአበባ ሸፍኖ። ሙሽራው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል። እኔ ግን እቆጥራለሁ። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሦስት።

"ይሄ አሸዋ ነው" አሉ አባትየው፤ አሳለፉት። ከዚያ ቆሙ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፣ መልሰው አወረዱ።

"ይሄ የማን ወገን ነው?"

አንደኛው ሽማግሌ ቀና ብለው አዩና፣ "አስተግፊሩላህ! ከርከሮ!" አሉ።

ሰንበቴ ትዝ አለኝ። ሙሽራው ግን ከበሩ ጠጋ ብሎ ፎቶውን ተቀበለ። ለረጅም ጊዜ አየው። "የእኔ ነው አባቴ" አለ። "ዘግይቶ የደረሰ ሚዜ ነው።"

"አንተ ልጅ!"

"ወላሂ! እየሮጠ ነበር የመጣው፤ እዩት።"

ሁለተኛው ሽማግሌ ፎቶውን ወስደው፣ ቀስ ብለው፣ "ሐራሙ መብላቱ ነው። ማየቱ ምን አለው?" አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባትየው የመጨረሻውን ፎቶ አዩ፤ እኔን አዩ፤ ለእናቴ አቀበሏት።

እናቴ ያየችው እኔን ነው። ጭቃ፣ አንድ ጫማ፣ ከኋላዬ ጎርፉ።

"ይሄ ወንዙ ነው" አለች።

ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

"ይሄ ወንዙ ነው! ቃል ገብተህልኝ!" ጫማዋን አወለቀች። በሽማግሌ ፊት፣ በእንግዳ ፊት። እኔ ወደ ግቢው ሮጥኩ፤ እሷም ተከተለችኝ። "ጎርፍ ጋ ነው ጥርስህን የምታሳየው? ጎርፍ አማትህ ነው? ኮቱ! ና ወዲህ!" ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርን። ድምፅዋ መንደሩን ሞላው። ጎረቤቶች ሁለተኛ መርዶ የመጣ መስሏቸው ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ፤ ያገኙት ግን እናቴ በአንድ እጇ ጫማ፣ በሌላው ፎቶ ይዛ ስታባርረኝ፣ ሦስት አዛውንቶች በሩ ላይ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሲስቁ፣ ሙሽራው ደግሞ "ጀርባውን ምቺው እማማ፣ ጀርባውን! ያኔ እኔም አልጠገብኩም!" ሲል ነው። እኔም እየሮጥኩ እስቃለሁ። አራት ጊዜ መታችኝ። አንዱ በደንብ ያመኛል እስካሁን።

ሲደክማት ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። ከዚያ በለሆሳስ፣ "ጃንጥላውስ?" አለችኝ።

"ጎርፉ ወሰደው" አልኩ። "እማ፣ ዋሸሁሽ።"

ጫማዋን መልሳ አጠለቀች። የሙሽራው አባት ከፎቶዎቹ ሥር አንዱን ፈልገው አወጡና አጎንብሰው ሰጧት። ያ አሸዋ ያሉት ነው። ደረቅ አሸዋ፣ ወደ ጎን የዞረ መታጠፊያ፣ በመካከሉ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሽቦው የታሰረበት ዘንግ እንኳ ይለያል።

ሠርገኞቹ ፎቶአቸውን ይዘው በዚያው ቀን ወደ ባቲ ሄዱ። ከርከሮው አብሮ ሄደ፤ የሙሽሪት እናት አልጋቸው ላይ ሆነው ከሁሉም አብልጠው የጠየቁት ስለ እሱ እንደሆነ ሙሽራው ነግሮኛል። ጭቃ ለብሼ የሳቅኩበትን እኔ ወሰድኩ።

የጃንጥላውን ለማንም አልሰጠችም። "ይሄ የኔ ነው" አለች። ገብታ ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማሩ ላይ፣ በፎቶው ጠርዝ ቀዳዳ አድርጋ ሰቀለችው። ማታ በሩን ስትዘጋ በእጇ ነካችው።